ካይራል መግነጢሳዊ ክስተት እና የዳራ ችግር

ካይራል መግነጢሳዊ ክስተት ማለት የቀኛዊና የግራዊ ኳርኮች ቁጥር እኩል ባልሆነበት ቁስ ውስጥ ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ሲያልፍ በመስኩ አቅጣጫ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ክስተቱ በአሜሪካው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ በሚገኘው ሪክ በተባለው የከባድ አዮኖች ማጋጫ እና በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ባለው የሰርን ትልቁ የሃድሮን ማጋጫ ሲፈለግ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የስታር የምርምር ቡድን በአቅጣጫም በመጠንም ከትንበያው ጋር የሚቀራረብ የቻርጅ መለያየት ማየቱን አስታወቀ። ይሁን እንጂ ከተለካው ውስጥ አብዛኛው ከሌላ ምንጭ የመጣ መሆኑ ቀስ በቀስ ታወቀ። የሚፈለገውን ምልክት የሚመስል፣ ነገር ግን ከሌላ ምንጭ የሚመጣ እንዲህ ያለ መረጃ በፊዚክስ ዳራ ይባላል። በዚህ ዘርፍ ከአሥር ዓመት በላይ ከተሠራው ሥራ ብዙው ዳራውን በማወቅና በመለየት ላይ ያተኮረ ነው።

ቀኝና ግራ

ካይራል የሚለው ቃል እጅ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ቀኝ እጅ በመስታወት ሲታይ ግራ እጅ ይመስላል፤ ሁለቱ ግን እንደ ቀኝና ግራ እግር ጫማ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቅንጣቶችም እንዲህ ያለ ልዩነት አላቸው። አንድ ኳርክ እንደሚሽከረከር ተደርጎ ቢታሰብ፣ የሽክርክሪቱ (የስፒኑ) አቅጣጫ ከሚጓዝበት አቅጣጫ ጋር ሲገጥም ቀኛዊ፣ ተቃራኒ ሲሆን ደግሞ ግራዊ ይባላል። ይህ አገላለጽ በትክክል የሚሠራው ግዝፈታቸው ከቁጥር ለማይገባ ቅንጣቶች ነው። ቀላሎቹ ኳርኮች በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ወደዚህ ሁኔታ በጣም ይቀርባሉ።

የተፈጥሮ ሕግ በቀኝና በግራ መካከል ያዳላ እንደሆነ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንደማያዳላ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሊ እና ያንግ ይህ እምነት በደካማው ኃይል ላይ በሙከራ እንዳልተፈተነ አመለከቱ። ብዙም ሳይቆይ ቺየን-ሺውንግ ዉ በኮባልት 60 ባደረገችው ሙከራ ደካማው ኃይል በእርግጥ እንደሚያዳላ አሳየች። ኒውክሊየስን አንድ ላይ የሚይዘው ጠንካራው ኃይል ግን እስከ ዛሬ በተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ የመስታወት ሲሜትሪን ሲጠብቅ ነው የታየው። ስለ ጠንካራው ኃይል የሚናገረው ንድፈ ሐሳብ ሲሜትሪው እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ ተፈጥሮ ግን በዚህ ፈቃድ የተጠቀመች አይመስልም። ይህ እስካሁን መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ሐሳብ፣ በአጠቃላይ የሚጠበቀው ሲሜትሪ በጣም ትንሽ ቦታ ላይና በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ሊፈርስ ይችላል የሚል ነው። በግሉዎን መስኮች ውስጥ በሚፈጠሩ ልዩ ጠመዝማዛ ሁኔታዎች የተነሳ በአንድ ጠባብ አካባቢ ቀኛዊ ኳርኮች ሊበዙ፣ በሌላው ደግሞ ግራዊዎቹ ሊያይሉ ይችላሉ። በጽንፈ ዓለም ውስጥ ቁስ ከፀረ ቁስ ለምን እንደበለጠ ለማስረዳት የሚቀርቡ አንዳንድ ንድፈ ሐሳቦች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሂደት በሌላ ኃይል ውስጥ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ሂደቱን በላቦራቶሪ ማየት ከኒውክሊየር ፊዚክስ አልፎ የሚሄድ ትርጉም አለው።

በግጭቱ ውስጥ የሚፈጠረው

በሪክ የወርቅ ኒውክሊየሶች ከብርሃን ፍጥነት 99.995 በመቶ ያህል እየተጓዙ ይጋጩ ነበር። እያንዳንዱ 79 ፕሮቶኖችን ጨምሮ 197 ኑክሊዮኖችን ይይዛል። በግጭቱ ቦታ ላይ ሙቀቱ ወደ ትሪሊዮን ዲግሪዎች ስለሚወጣ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ቀልጠው የኳርክና የግሉዎን ፕላዝማ ይፈጥራሉ።

ሁለቱ ኒውክሊየሶች ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይገናኙም። አብዛኛውን ጊዜ ከፊላቸው ተደራርቦ ከፊላቸው ሳይነካካ ያልፋል። የተደራረበው ክፍል የዐይን ቅርጽ ያለው የፕላዝማ ጠብታ ይሆናል። ሳይጋጩ ያለፉት ፕሮቶኖች ደግሞ ቻርጅ ተሸክመው በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጡ በመሆናቸው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ። የመስኩ ጥንካሬ 100 ትሪሊዮን ቴስላ አካባቢ ይገመታል፤ በሆስፒታል ያለው የኤምአርአይ ማሽን መስክ በአብዛኛው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። ችግሩ ዕድሜው ነው። ፕላዝማው ከሌለ መስኩ ብርሃን አንድን ኒውክሊየስ ለማቋረጥ ከሚፈጅበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። ፕላዝማው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ መስኩን ምን ያህል ሊያቆየው እንደሚችል ግን አሁንም ያከራክራል።

የተጋጩትን ኒውክሊየሶች የጉዞ መስመርና በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚይዘው ዝርግ ገጽ የግጭቱ ጠለል ይባላል። መግነጢሳዊ መስኩ በዚህ ጠለል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። መስኩ የኳርኮችን ስፒን እንደ ቻርጃቸው ያሰልፋል፦ የአዎንታዊዎቹ ስፒን ወደ መስኩ አቅጣጫ፣ የአሉታዊዎቹ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። በአካባቢው ቀኛዊ ኳርኮች ከበዙ እያንዳንዱ ስፒኑ ወደሚያመለክትበት ስለሚሄድ አዎንታዊዎቹ ወደ ላይ፣ አሉታዊዎቹ ወደ ታች ይጓዛሉ። ግራዊዎቹ ከበዙ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዲሚትሪ ካርዚቭ፣ በኋላም ከላሪ ማክለራን፣ ከሃርመን ዋሪንጋና ከኬንጂ ፉኩሺማ ጋር በ2008 በወጡ ጽሑፎች ተብራርቶ ቀረበ።

መለኪያው

ዳራው ከየት እንደሚገባ ለመረዳት መለኪያው እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። በአንዱ ግጭት ቀኛዊዎቹ፣ በሌላው ግራዊዎቹ በዘፈቀደ ስለሚበዙ በብዙ ግጭቶች ላይ አማካይ ሲወሰድ ወደ ላይ የሄደውና ወደ ታች የሄደው ቻርጅ ይጣፋል። በቀጥታ የሚለካ ነገር አይቀርም። ስለዚህ ሰርጌይ ቮሎሺን በ2004 የቅንጣቶችን ጥንድ የሚመለከት መለኪያ አቀረበ። ይህም ጋማ ተዛምዶ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሁለት ቅንጣቶች የአቅጣጫ ማዕዘኖች ይደመራሉ፤ ከድምሩ የግጭቱ ጠለል ማዕዘን እጥፍ ይቀነሳል፤ የተገኘው ማዕዘን ኮሳይን ይሰላል፤ በመጨረሻም በሁሉም ጥንዶችና ግጭቶች ላይ አማካይ ይወሰዳል። ጠለሉ ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው ቢባል፣ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው ሁለት ቅንጣቶች አንድ ላይ ወደ ላይ ሲሄዱ ድምሩ 180 ዲግሪ፣ ኮሳይኑ ‑1 ይሆናል። ተቃራኒ ቻርጅ ካላቸው አንዱ ወደ ላይ (90) ሌላው ወደ ታች (270) ሲሄድ ድምሩ 360፣ ኮሳይኑ +1 ነው። የተቃራኒዎቹ አማካይ ከተመሳሳዮቹ አማካይ ሲበልጥ ቻርጆች በመስኩ አቅጣጫ ተለያይተዋል ማለት ይሆናል። ይህ ብልጫ ዴልታ ጋማ ይባላል።

ለዚህ ግን የተከፈለ ዋጋ አለ። መለኪያው በአማካይ እንዳይጣፋ ሲባል ለቀኝና ለግራ ግድ የሌለው ሆኖ ተሠራ። በመስታወት ቢገለበጥ ያው ነው። ስለዚህ ከሲሜትሪ መፍረስ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ተራ ሂደቶችም ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። ከላይ ያለውን ስሌት ጠጋ ብሎ ለሚያይ ቀዳዳው ግልጽ ነው፦ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ሁለት ቅንጣቶች ተያይዘው በጠለሉ አቅጣጫ ቢሄዱ ማዕዘኖቻቸው ዜሮና ዜሮ፣ ኮሳይኑም +1 ነው። መለኪያው አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች የተለያዩትን ተቃራኒዎች ጎን ለጎን ወደፊት ከሄዱት ተቃራኒዎች አይለይም።

የዳራው ዋና ምንጭ

ጥንዶቹ ተያይዘው በጠለሉ አቅጣጫ እንዲሄዱ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች በእርግጥ አሉ።

የመጀመሪያው ሞላላ ፍሰት ነው። የዐይን ቅርጽ ያለው ፕላዝማ ሲስፋፋ በአጭሩ ጎኑ በኩል ያለው የግፊት ለውጥ ስለሚበረታ ከጠለሉ ጋር በሚገጥም አቅጣጫ የሚወጡ ቅንጣቶች በላይና በታች ከሚወጡት ይበዛሉ። ሁለተኛው የቻርጅ አለመጥፋት ሕግ ነው። አዎንታዊ ቻርጅ በተፈጠረበት ቦታ አሉታዊም ይፈጠራል። ለምሳሌ ሮ የተባለው አጭር ዕድሜ ያለው ቅንጣት ገለልተኛው ዓይነት ሲፈርስ አንድ አዎንታዊና አንድ አሉታዊ ፓዮን ይሰጣል። ወላጁ ሮጦ ከሆነ ልጆቹም ወደዚያው አቅጣጫ ያዘነብላሉ።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚያልፍ አንድ ዋና መንገድ ዳርና ዳር የተሠራች፣ ነቀምቴ አካባቢ እንዳሉት ያለች ትንሽ ከተማ ብትታሰብ፣ ከገበያ የሚመለሱ ባልና ሚስቶች አብረው ይሄዳሉ፤ ብዙ ሰው ደግሞ በዋናው መንገድ ይሄዳል። ከሰማይ ሆኖ የወንዶችንና የሴቶችን አቅጣጫ ብቻ የሚመዘግብ ሰው ወንድና ሴት በመንገዱ አቅጣጫ አንድ ላይ የሚገኙበት ልዩ ምክንያት እንዳለ ሊጠረጥር ይችላል። ያለው ግን መንገድና ትዳር ብቻ ነው።

በቁጥርም እንዲሁ ነው። አንድ ግጭት 1000 ቅንጣቶች አወጣ፣ ግማሹ አዎንታዊ ግማሹ አሉታዊ ነው፣ ከእነዚህም ውስጥ 250 ጥንዶች ከአንድ ወላጅ የተገኙ ናቸው እንበል። ለቀላልነት ከወላጆቹ 55 በመቶው በጠለሉ፣ 45 በመቶው ቀጥ ባለው አቅጣጫ ሄዱ ከተባለና ልጆቹ ወላጁን ሙሉ በሙሉ ተከተሉ ከተባለ፣ የእነዚህ ጥንዶች የተጣራ ድርሻ ከ250 ውስጥ 10 በመቶ፣ ማለትም 25 ነው። በግጭቱ ውስጥ ያሉት ተቃራኒ ጥንዶች በሙሉ 500 በ500 ሲባዛ 250,000 ናቸው። 25 ለ250,000 ሲካፈል 0.0001 ይሰጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ቢሆኑም፣ በሙከራ የሚለካው ዴልታ ጋማም ከአሥር ሺህ ጥቂት እጅ የሚሆን ነው። ተራ የቅንጣት መፍረስ ብቻውን የሚለካውን መጠን ለመስጠት ይቀርባል ማለት ነው።

ከምሳሌው አንድ ጠቃሚ ደንብ ይወጣል። የወላጆች ቁጥር ከቅንጣቱ ብዛት ጋር ያድጋል፤ የጥንዶች ቁጥር ግን ከብዛቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ዳራው ከሞላላ ፍሰቱ ጋር ቀጥተኛ፣ ከቅንጣቱ ብዛት ጋር ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ከፊል ግጭቶች ላይ ቅንጣቱ ያንሳል፣ ፍሰቱም ይበረታል፣ ዳራው ያድጋል። የካይራል ክስተቱም መግነጢሳዊ መስኩ በዚያው አቅጣጫ ስለሚበረታ በዚያው ያድጋል ተብሎ ይጠበቃል። ግጭቶችን ከፊት ለፊት ወደ ከፊል ደርድሮ አዝማሚያውን በማየት ብቻ ሁለቱን መለየት ያልተቻለው ለዚህ ነው።

ፉቺያንግ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ከቅንጣቶች መፍረስና መሰባሰብ፣ ሶረን ሽሊክቲንግና ስኮት ፕራት በ2011 ከቻርጅ አለመጥፋት የሚመጣውን ዳራ አስልተው የስታርን ውጤት በብዛት ሊያስረዳ እንደሚችል አሳዩ። አዳም ብዝዳክ፣ ፎልከር ኮክና ጂንፌንግ ሊያው ደግሞ የሞመንተም አለመጥፋት ያለውን ሚና አነሱ። አንድ ቅንጣት ወደ አንድ ወገን ሲወጣ ሌሎቹ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ሌላው ይገፋሉ፤ ይህም ፍሰቱ ባለበት ጋማን ወደ አሉታዊ ይጎትተዋል። ይህ ዳራ በተመሳሳይና በተቃራኒ ጥንዶች ላይ እኩል ስለሚያርፍ በዴልታ ጋማ ውስጥ በአመዛኙ ይጣፋል፤ ሁለቱ ለየብቻ ሲታዩ ግን ትርጉማቸውን ያዛባል።

ከዚህ ሌላ ከጠለሉ ጋር ግንኙነት የሌለው ዳራም አለ። ጠለሉ በቀጥታ አይታይም፤ የሚገመተው ከወጡት ቅንጣቶች አቅጣጫ ነው። ጥንዱም ጠለሉን ለመገመት ያገለገለው ሦስተኛ ቅንጣትም ከአንድ ጄት የወጡ ከሆኑ ሦስቱ በተፈጥሯቸው የተያያዙ ናቸው፤ የተለካውም ጠለል እውነተኛው ጠለል አይደለም። ቅንጣት በሚያንስባቸው ግጭቶች ይህ ስህተት ይከብዳል።

የአሊስ ውጤትና የትናንሽ ግጭቶች ፈተና

የሰርኑ የአሊስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ውጤት በእርሳስ ግጭት ከሪክ ከአሥር እጥፍ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ተቀራራቢ መጠን አገኘ። ይህ ለአንዳንዶች ማጠናከሪያ፣ ለሌሎች ደግሞ ጥርጣሬ ሆነ፤ የመስኩ ጥንካሬና ዕድሜ ከጉልበቱ ጋር ሲለዋወጥ ምልክቱ ለምን አልተለወጠም የሚል ጥያቄ ነበርና። ስታር በ2014 ጉልበቱን ዝቅ እያደረገ ሲለካ ደግሞ መለያየቱ በዝቅተኛው ጉልበት ላይ እየጠፋ ሄደ።

ጠንካራው ምት የመጣው በ2017 ነው። የሲኤምኤስ ቡድን ፕሮቶንን ከእርሳስ ጋር በማጋጨት ዴልታ ጋማን ለካ። ፕሮቶን በጣም ትንሽ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ግጭት ከቅንጣቶቹ የሚገመተው ጠለል ከመግነጢሳዊ መስኩ አቅጣጫ ጋር ዝምድና የለውም ለማለት ይቻላል። የካይራል ክስተቱ ቢኖር እንኳ በመለኪያው ላይ አይታይም። ሆኖም ተመሳሳይ የቅንጣት ብዛት ባላቸው ግጭቶች ላይ የተገኘው መጠን ከእርሳስ ከእርሳስ ግጭት ጋር ተመሳሳይ ነበር። መንስኤው በሌለበት ምልክቱ እንዳለ ተገኘ። በኋላ ስታርም ፕሮቶንና ዴውቴሮንን ከወርቅ ጋር ባጋጨበት ሙከራ ትልቅ ዴልታ ጋማ አየ።

ዳራውን የመለየት ዘዴዎች

አንዱ ዘዴ በተመሳሳይ የግጭት ዓይነት ውስጥ ፍሰታቸው በአጋጣሚ የበረታና የደከመ ግጭቶችን ለይቶ ማወዳደር ነው። መስኩ በእነዚህ መካከል ብዙም አይለያይም፤ ፍሰቱ ግን ይለያያል። ዴልታ ጋማ ከፍሰቱ ጋር አብሮ ወደ ዜሮ ከወረደ ዳራ ነው፤ ፍሰቱ ዜሮ ሲሆን የሚቀር ነገር ካለ ግን ምልክት ሊሆን ይችላል። አሊስ በ2018 በዚህ መንገድ የካይራል ክስተቱ ድርሻ በ95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ ከ26 እስከ 33 በመቶ ካለው ጣሪያ እንደማይበልጥ አስታወቀ። ሲኤምኤስ በዚያው ዓመት ለእርሳስ ከእርሳስ 7 በመቶ፣ ለፕሮቶን ከእርሳስ 13 በመቶ ጣሪያ አስቀመጠ።

ሲኤምኤስ ሌላም ብልሃት ተጠቅሟል። ከሞላላው ፍሰት ሌላ ሦስት ማዕዘን መሰል ፍሰት አለ፤ አቅጣጫው የሚወሰነው ኑክሊዮኖቹ በአጋጣሚ በተሰደሩበት ሁኔታ ስለሆነ ከመግነጢሳዊ መስኩ ጋር አይዛመድም። በዚህ አቅጣጫ አንጻር የተሠራ ጋማ ዳራን ብቻ ይለካል። ለፍሰቱ መጠን ከተስተካከሉ በኋላ ሁለቱ ተቀራረቡ።

ሌላው ዘዴ ሁለት ጠለሎችን ማወዳደር ነው። ፍሰቱ የሚከተለው የተጋጩት ኑክሊዮኖች የሠሩትን ቅርጽ ነው፤ መስኩን በዋናነት የሚፈጥሩት ደግሞ ሳይጋጩ ያለፉት ፕሮቶኖች ናቸው። ሁለቱ አቅጣጫዎች በጥቂቱ ይለያያሉ። በአንደኛው ጠለል ዳራው ይበልጣል፣ በሌላው ምልክቱ ይበልጣል፤ ሁለት ልኬት፣ ሁለት ያልታወቀ ቁጥር ማለት ነው። ስታር እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው የወርቅ ግጭት ትንተና በከፊል ግጭቶች ላይ ከዜሮ የማይለይ፣ በመካከለኞቹ ላይ ግን ትንሽ ፍንጭ የሚሰጥ ውጤት አገኘ። ቡድኑ ራሱ ዳራ ተርፎ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቋል።

የአይሶባር ሙከራ

ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ የሚመስለው ሐሳብ ቮሎሺን በ2010 ከጠቆማቸው አንዱ ነበር፦ ዳራው እኩል የሆነባቸውን፣ መስኩ ብቻ የሚለያይባቸውን ሁለት ዓይነት ግጭቶች ማወዳደር። ሩቴኒየም 96 እና ዚርኮኒየም 96 እያንዳንዳቸው 96 ኑክሊዮኖች አሏቸው፤ እንዲህ ያሉ ኒውክሊየሶች አይሶባር ይባላሉ። ሩቴኒየም 44፣ ዚርኮኒየም 40 ፕሮቶን አለው። የካይራል ክስተቱ ከመስኩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በሩቴኒየም ላይ ልዩነቱ 15 በመቶ ያህል እንደሚሆን ተሰላ። ክብደታቸው እኩል ስለሆነ ፍሰትና የቅንጣት ብዛት እኩል ይሆናሉ ተብሎ ተጠበቀ።

ሪክ በ2018 ሁለቱን ዓይነቶች አጋጨ። ሁለቱም በተፈጥሮ ከሚገኘው ንጥረ ነገር ትንሽ ድርሻ ያላቸው ስለሆኑ ማበልጸግ አስፈልጓል፤ ሩቴኒየሙ የተዘጋጀው በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። መመርመሪያው ከጊዜ ጋር የሚያሳየው ለውጥ አንዱን ከሌላው እንዳያበላልጥ ሁለቱ ዓይነቶች እየተፈራረቁ ወደ ማጋጫው ይገቡ ነበር። ለትንተና የዋለው መረጃ 3.8 ቢሊዮን ግጭት ገደማ ሲሆን ይህም የንጽጽሩን ትክክለኛነት እስከ 0.4 በመቶ አደረሰው። ከዴልታ ጋማ ውስጥ የካይራል ክስተቱ ድርሻ 10 በመቶ ቢሆን በሁለቱ መካከል የሚጠበቀው ልዩነት የ15 በመቶ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 1.5 በመቶ ነው፤ በዚህ ትክክለኛነት መታየት ይችላል።

ትንተናው የተካሄደው በስውር ነበር። አምስት ቡድኖች ለየብቻ ሲሠሩ የትኛው ፋይል የሩቴኒየም፣ የትኛው የዚርኮኒየም እንደሆነ አልተነገራቸውም። በመጀመሪያ ሁለቱ የተቀላቀሉበት መረጃ ተሰጣቸው፤ በዚህም ፕሮግራሞቻቸውን ጽፈው አስተካከሉ። ቀጥሎ የመረጃውን ጥራት ለመመርመር ማንነቱ የተሸፈነ ፋይል ቀረበላቸው። ኮዱ ከተቆለፈ በኋላ ነው ሽፋኑ የተነሳውና የተቆለፈው ኮድ በእውነተኛው መረጃ ላይ የተሠራው። ምን ዓይነት ውጤት ሲገኝ ክስተቱ ታየ እንደሚባልም አስቀድሞ በጽሑፍ ተወስኖ ነበር፦ ዴልታ ጋማ በፍሰት ተካፍሎ፣ የሩቴኒየሙ ለዚርኮኒየሙ ሲካፈል ከ1 በግልጽ መብለጥ ነበረበት። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚጠብቀውን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ኮዱን የማስተካከል፣ ካገኘ በኋላ ደግሞ ስህተት መፈለጉን የማቆም ዝንባሌ እንዳለው የታወቀ ነው። ስውር ትንተና የሚከላከለው ይህን ነው፤ የሙከራውም ትልቁ ጥንካሬ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ውጤቱ ነሐሴ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. (ኦገስት 31 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.) ይፋ ሆነ። ንጽጽሩ ከ1 አልበለጠም፤ እንዲያውም በጥቂት መቶኛ አነሰ። አስቀድሞ የተቀመጠውን መስፈርት ያሟላ ምልክት አልታየም።

ከ1 በታች መውረዱ ራሱ ማብራሪያ ይፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም የካይራል ክስተት ባይኖር እንኳ 1 መሆን ነበረበት። መልሱ ከላይ በተጠቀሰው ደንብ ውስጥ ነው። በሩቴኒየም ግጭት የሚወጡት ቅንጣቶች ከዚርኮኒየሙ በ4 በመቶ ገደማ በለጡ። ዳራው ከቅንጣት ብዛት ጋር ተገላቢጦሽ ስለሆነ በሩቴኒየም በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለቱ ኒውክሊየሶች ክብደታቸው እኩል ይሁን እንጂ ቅርጻቸውና መጠናቸው እኩል አልነበረም፦ ዚርኮኒየም ኒውትሮን ስለሚበዛው በዙሪያው ወፈር ያለ የኒውትሮን ልባስ አለው፤ ስለዚህም ትንሽ ተለቅ ያለና ሳሳ ያለ ነው። ሃኦጂ ሹና ባልደረቦቹ ይህ ልዩነት ሙከራውን እንደሚነካ በ2018 አስቀድመው አመልክተው ነበር። መስፈርቱ ላይ የሰፈረው 1 የሚል ቁጥር ግን ሁለቱ ዳራዎች እኩል ናቸው በሚለው የመጀመሪያ ግምት ላይ የቆመ ነበር።

ከአይሶባር በኋላ

ትክክለኛው መነሻ ቁጥር 1 ካልሆነ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ቀጣዩ ሥራ ሆነ። ለቅንጣት ብዛት ብቻ ሲስተካከል መነሻው ከተለካው በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ይህም ትንሽ ምልክት ቀርቶ ይሆን የሚል ውይይት አስነሳ። ነገር ግን ከጄትና ከመሳሰሉት የሚመጣው፣ ከጠለሉ ጋር ያልተያያዘው ዳራም መታረም ነበረበት። ስታር እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን አስልቶ ባወጣው ውጤት ንጽጽሩ ከተስተካከለው መነሻ ጋር ይጣጣማል፤ በአይሶባር ግጭት የካይራል ክስተቱ ድርሻ በ95 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ ከ10 በመቶ ገደማ አይበልጥም።

ይህ ክስተቱ የለም ማለት አይደለም። አይሶባሮቹ ከወርቅ በግማሽ ያህል ያነሱ ናቸው፤ መስኩ ደካማ፣ በአነስተኛ የቅንጣት ብዛት ምክንያትም ዳራው ትልቅ ነው። ስለዚህ በአይሶባር የማይታይ ድርሻ በወርቅ ግጭት ሊታይ ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ በወርቅ መረጃ ላይ የሚደረገው ፍለጋ የቀጠለውም ለዚህ ነው።

ክስተቱ በሌላ መስክ ግን ታይቷል። በ2016 በብሩክሄቨን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዚርኮኒየም ፔንታቴሉራይድ በተባለ ክሪስታል ውስጥ፣ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስክ ጎን ለጎን ሲደረጉ የኤሌክትሪክ መቋቋም የሚቀንስበትን ሁኔታ መዝግበው የካይራል መግነጢሳዊ ክስተት ነው ብለው አሳትመዋል። በክሪስታሉ ውስጥ ግዝፈት እንደሌላቸው የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። የቀኝና የግራ አለመመጣጠኑንም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በመስኮቹ ይፈጥሩታል፤ በግሉዎን መስኮች ውስጥ በራሱ መፈጠር አለመፈጠሩን ክሪስታሉ አይነግርም።

ሌሎች ካይራል ክስተቶች

ካይራል መግነጢሳዊ ሞገድ የሚባለው ተዛማጅ ክስተት በአዎንታዊና በአሉታዊ ፓዮኖች ሞላላ ፍሰት መካከል ልዩነት ይፈጥራል ተብሎ ይጠበቃል፤ ልዩነቱም በግጭቱ ውስጥ ካለው የተጣራ ቻርጅ ጋር ያድጋል። ስታር ይህን የሚመስል አዝማሚያ በ2015 አሳተመ። ሲኤምኤስ በ2019 በፕሮቶንና እርሳስ ግጭትም፣ በሦስት ማዕዘን መሰሉ ፍሰትም ላይ ተመሳሳዩን አገኘ፤ ሞገዱ በሁለቱም ላይ ሊታይ ስለማይገባው የቻርጅ አለመጥፋት ዳራ እዚህም ዋና ተጠርጣሪ ሆነ።

ከፕላዝማው መሽከርከር የሚመጣው ካይራል የአዙሪት ክስተት በመግነጢስ ፋንታ አዙሪትን ይጠቀማል። ስታር እ.ኤ.አ. በ2017 ላምዳ የተባሉት ቅንጣቶች ስፒናቸው ወደ ግጭቱ የሽክርክሪት አቅጣጫ ማዘንበሉን አሳይቶ ፕላዝማው እጅግ ፈጣን አዙሪት እንዳለው አረጋግጧል። ይህ የአዙሪቱ ማረጋገጫ ነው እንጂ የቀኝና የግራ አለመመጣጠን ማረጋገጫ አይደለም፤ ላምዳዎቹ በዚህ መንገድ ለማዘንበል አለመመጣጠኑ አያስፈልጋቸውም።